ቢጫዋ ክዳን

መርሳ፣ ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለቃልኪዳን አባት ለደምሴ፣
ሎጊያ፣ ወይም ኑርሁሴን በሚያገኝህ ቦታ

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ናፍቆት፣ ወሬው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን ተራውን መጠበቅ አቃተኝ። መኪናዋ ተነሣች! ትናንት ከምሳ በኋላ ማንም ሳይገፋት፣ በገዛ ሞተሯ ከግቢ ወጥታ መነኸሪያ ደርሳ ተመለሰች። መስመሩ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ብታይ ከደስታ ነው። ቃልኪዳን ላርምልሽ ብትለኝም አልሰጠኋትም። ይሄ ደብዳቤ የሷ ዓይን የሚያርፍበት አይደለም።

አሁን ሰላምታው። እንደምን ሰነበትክ? በዚያ ሙቀት ራስህን አያምህም? እኛ ደህና ነን። ልጅህ በዚህ በአምስት ወር ውስጥ በቁመት በልጣኛለች። ጣራው ሁለት ቦታ ተበስቷል፣ ዶሮዎቹ አልቀዋል፣ በረንዳ ላይ የምትቀመጥበትን ወንበር ማገዶ ሲጠፋ እኛው ማገድነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ስልኩ ለአንዳንድ ሰው ይሠራል ይላሉ፤ የኔ ግን ያንተን ቁጥር ስነካ ዝም ይላል። ይሻላል። በስልክ ቢሆን ግማሹን ሳልናገር ድፍረቱ ያልቅብኝ ነበር።

ፖስታው ውስጥ አንዲት ቢጫ የሃይላንድ ክዳን ታገኛለህ። ቆሻሻ መስላህ እንዳትጥላት፤ እደርስባታለሁ።

ኑርሁሴን መንገዱ በተከፈተ በሳምንቱ በጭነት መኪናው ዱቄት ጭኖ ሲመጣ በራችንን አንኳኳ። ማን ነው ለማለት እንኳን ፈራን። ኋላ በድምፁ ለየሁት። ሎጊያ ላይ እንዳገኘህ፣ አብራችሁ እንደበላችሁ፣ ከሳ ከማለትህ በቀር ጤነኛ እንደሆንክ ነገረኝ። ስለኔስ ጠየቀ ወይ አልኩት። ኑርሁሴን መዋሸት አያውቅበትም፤ መሬት መሬት እያየ ስለ መኪናዋ እንደጠየቅኸው ነገረኝ። ቃልኪዳን ተቆጥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን አልተቆጣሁም። እናትህ ያረፉ ዕለት ለቀስተኛውን ሁሉ ስለ ፍሬን ሸራ ስታወራለት የዋልክ ሰው አይደለህ? አውቅሃለሁ እኮ። እንግዲህ እኔም የምጽፍልህ ስለ መኪናዋ ነው።

የምታውቀውን ብደግምብህ ታገሠኝ፤ በኔ በኩል ያለውን አታውቀውምና።

በአሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ከኮምቦልቻ ይዘሃት የመጣህ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያት። ሻጩ አንድ ዓመት ብቻ ነድቷት የሸጠልህ ሚኒባስ፣ የወንበሯ ላስቲክ ገና ያልተነሣ፣ በሯ ሲዘጋ ጥብቅ ብሎ እንጂ እንደሌሎቹ የማይንቋቋ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ስትነዳ ኖረህ የራስህን ቁልፍ ኪስህ ስትከት ፊትህን አይቼዋለሁ። ያን ቀን ኪስህን ስንት ጊዜ እንደዳበስክ ብነግርህ ታፍራለህ። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ማሻአላህ እያሉ ነው ያዩዋት። ከኛዎቹ ግን በስመ አብ ሳይሉ አፋቸውን ከፍተው የቀሩ ነበሩ፣ እኔም በዓይኔ ቆጥሬያቸዋለሁ። ዓይን እንዳይገባባት ያኔውኑ ፈራሁ።

በወሩ ባትሪው እምቢ አለ። አንተ ገመዱ ላልቶ ነው ብለህ አጠበቅኸው፣ ተነሣችም። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። እኔ ግን በልቤ ሌላ ነገር አልኩ፣ ሌላም ነገር አደረግሁ፤ ቆይቼ እናዘዝልሃለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብረን አይተናል። ዲናሞው ሞተ። አዲስ አስገባህ። የሚያስነሣት ሞተሪኖው ሞተ። እሱንም ቀየርክ። ጠራራ ፀሐይ ላይ የዝናብ መጥረጊያው ብቻውን መወዛወዝ ጀመረ። ሲሪንቃ ላይ ለቅሶ የሚሄዱ ሰዎች መሃል ክላክሱ አልቆም ብሎ በድንጋይ ሊፈነክቱህ ሲሉ ወርደህ ኮፈኑን ከፍተህ ገመዱን በጥርስህ የበጠስከውን ተሳፋሪው እስካሁን ያወራዋል። በየጊዜው ወልድያ ጋራዥ ትሄዳለህ፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ይዘህ ትመጣለህ፣ በጆንያ አድርገህ አልጋ ሥር ትከታለህ። ለሻጩ አሳየዋለሁ ትል ነበር። ማታ ስትገላበጥ እሰማህ ነበር። ሰው የታመመ ልጅ አቅፎ እንደሚያድር ነበር ያንተ ነገር።

ሰኔ ላይ ደግሞ ያ ቀን መጣ። መነኸሪያ ውስጥ መኪናዋ ሞልታ፣ ሰው ተጭኖ፣ ቁልፉን ብታዞር ዝም። ሰው እየተነጫነጨ ሲወርድ እኔ ምሳህን ይዤ ደረስኩ። ወንድምህ ዘውዱ አለ፣ ሹፌሮቹ አሉ፣ ተራ አስከባሪው አለ። ያልኩትን አንተም አልረሳኸውም፣ እኔም አልረሳሁትም፤ ግን በእጄ ልጻፈው፦ «ሃያ ሁለት ዓመት ነድተህ መኪና አታውቅም። የሞተ ብረት ቀለም ቀብተው ሸጡልህ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንተ ግን እጅህን በጨርቅ ጠርገህ፣ ቁልፉን ምሳው ዕቃ ላይ አስቀመጥክልኝና ሄድክ። በሦስተኛው ቀን ለሰው የጭነት መኪና ልትነዳ ወደ ጅቡቲ መንገድ ወረድክ። መርሳ ላይ መኪና ሲበላሽ መካኒኩ እንኳን መጥቶ የሚጠይቅህ ሰው ነበርክ፤ ያን ስምህን እኔ በአንድ አፍ አፈረስኩት። ከዚያ ነሐሴ መጣ፣ ከተማው በታጣቂዎች ተያዘ፣ መንገዱ ተዘጋ፤ ይቅርታም ልበል ቢሉ በየት በኩል?

ስለዚያ አምስት ወር ብዙ አልጽፍልህም፤ ከመጣህ ቃልኪዳን ትነግርሃለች፣ እሷ አሳምራ ትናገራለች። የመኪናዋን ብቻ ልንገርህ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ታጣቂዎች ገብተው ቁልፍ አሉኝ። ሰጠሁ። አንዱ ገብቶ ቢያዞር ትክ ትክ ብላ ዝም አለች። ደገመ፣ ዝም። ተናዶ ወረደና ኮፈኑን በቡጢ መትቶ፣ ይሄን የሞተ ብረት ማን ይፈልገዋል አለ። ባትሪዋንና ትርፍ ጎማዋን ነቅለው ሄዱ። ሰፈሩ፣ ጤነኛ ብትሆን ኖሮ ይወስዷት ነበር፣ እያለ ዛሬ ያጽናናኛል። እኔ ግን ያን ሰዓት የተሰማኝ ሌላ ነው ደምሴ። የሞተ ብረት ሲላት ደሜ ፈላ። ፈርቼ ነው እንጂ ላንቀው ነበር። ኋላ ሲረጋልኝ ታዲያ ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ አስታወስኩና በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። አንተ መነኸሪያ ላይ የሰማኸውን እኔ ያን ቀን ሰማሁት።

አሁን ወደ ደስታው።

ሙጃሂድን ታውቀዋለህ፣ ወልድያ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው አጭሩ ልጅ። ቤቱ ተዘርፎበት እኅቱ ዘንድ መርሳ መጥቷል። መፍቻዎቹን ግን በርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀብሮ አትርፏቸዋል፤ አሁን አንዱን መፍቻ ባወጣ ቁጥር ሦስት ጊዜ ያስነጥሳል። ከገና ማግስት ጠርቼ መኪናዋን እይልኝ አልኩት። ኮፈኑን ከፍቶ አስነጠሰ፣ ጎንበስ አለ። ጣቱን አስገብቶ ገመዶቹ መጋጠሚያ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር ፈቀፈቀ። ቀመሰው። እኔ ከኋላው ቆሜ አየዋለሁ። ከዚያ እጁን ወደ ታች ሰድዶ ዲናሞው ሥር የተቀረቀረ ነገር አወጣና በፀሐይ ላይ ያዘው። ቢጫ የሃይላንድ ክዳን።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣» አለኝ፣ «ይቺን መኪና በምንድነው የምታጥቧት?»

ክዳኗ የኔ ናት ደምሴ። ባትሪው እምቢ ካለበት ቀን ጀምሮ፣ በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል፣ አንተ ሳትነሣ ጠበል ወርጄ በሃይላንድ ቀድቼ እመለስ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ፣ በስመ አብ ብዬ፣ ሞተሩ ላይ አፈሰዋለሁ። ባትሪው ላይ፣ ገመዱ ላይ፣ ያቺ ፊውዞቹ ያሉባት ሳጥን ላይ፣ ዓይኑ የገባው በየት በኩል እንደሆነ ስለማላውቅ አንድ ቀዳዳ አላስቀረሁም። ዲናሞው ሲሞት ዓይኑ ጠንቶበታል ብዬ በየሳምንቱ አደረግሁት። ሞተሪኖው ሲሞት በጀሪካን ጀመርኩ። አንተ ወልድያ ሄደህ አዲስ ዕቃ ታስገባለህ፣ እኔ በማግስቱ አጠጣዋለሁ። የዝናብ መጥረጊያው በፀሐይ ሲወዛወዝ ርኩሱ መንፈስ ሊወጣ እየታገለ ነው ብዬ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ለሙጃሂድ ይሄን ሁሉ ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ አምጪ ቢለኝ ጆንያህን ከአልጋ ሥር አመጣሁለት፤ መጀመሪያ ያወጣኸውን ዲናሞ ፈታው። ቤንዚን ገዛሁለት፤ ዛሬ ቤንዚን የሚሸጠው በምን መሰለህ? በዚያው በሃይላንድ ነው። በጥርስ ብሩሽ እያጠበ፣ እያስነጠሰ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ አንድ ቀን ሙሉ ዋለበት። ማምሻውን ተነሥቶ ያለኝን ቃል በቃሉ እጽፍልሃለሁ፤ ይሄ ሁሉ ወረቀት የባከነውም ለዚህች ቃል ነው።

«ወላሂ እትዬ፣ ዕቃው ምንም አልሆነም፣ ውሃ ጨው አልብሶት ነው። መኪናዋ ንጹሕ መኪና ናት። ደምሴ ሲገዛ አልተሳሳተም።»

አልተሳሳትክም። ኮምቦልቻ ያለው ሰውዬም አላታለለህም፤ የረገምኩትን እርግማን በስሙ ጠርቼ አንስቻለሁ፣ ስታገኘው ንገረው።

በነጋው ንስሐ አባታችን ቄስ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። ጠበሉን ሳስቀይም የኖርኩ መስሎኝ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው ሲሰሙኝ ቆይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጠበል የሚረጨው ሹፌሩ ላይ ነው። ሞተሩን ምን ጠጣ ብለሽ ነው?» ቀኖና ሲሰጡኝ መቶ ስግደት ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ አሉ፦ የሰደብሽውን ሰው በሰደብሽበት ቦታ፣ ስድብሽን በሰሙት ሰዎች ፊት አክብሪው። አባቴ ስግደቱን ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ።

ሙጃሂድ ሦስት ቀን ሠራ። ከጆንያህ ውስጥ ያላስገባው ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ አንተ ለክስ ያስቀመጥከው ሁሉ ለመድኃኒት ሆነ። ሞተሪኖውን፣ ፊውዙን፣ ገመዱን። ባትሪ ስላልነበረን ኑርሁሴን የጭነት መኪናውን ከአጥሩ ጎን አስጠግቶ በገመድ አያያዛት። ሙጃሂድ ቢስሚላህ አለ፣ እኔ አማተብኩ፣ ቃልኪዳን ጆሮዋን ያዘች። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች ደምሴ። ታውቀው የለ ያን ድምፅዋን፣ እንደ ስፌት መኪና የምትለውን? እሱ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ መሰለህ፤ የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ዘጋ። አምስት ወር ሙሉ መኪና ሲሰማ መደበቅ ነው የለመደው። መንገዱ ጭር አለ። እኔ እልል አልኩ። ትንፋሼ እስኪያልቅ እልል አልኩ። ከዚያ አንድ በር ተከፈተ፣ ሌላው ተከፈተ፣ የናጅዋ እናት እጇ ሊጥ እንደያዘ ወጣች፣ እሷም እልል አለች። ያን ለሰማ ሰርግ ነበር የሚመስለው። እኔ ራሴ ሳላውቀው ልጅህን አቅፌ እየዘለልኩ ነበር።

ሙጃሂድ እንሞክራት ብሎ ገባ። አንተ ረጅም ነህ፣ እሱ አጭር፤ ወንበሩን ወደፊት ሊስብ እጁን ወደ ሥር ሲልክ አትንካው አልኩት። እግሬ ፍሪሲዮን አይደርስም አለ። ጆንያ አጥፌ ከጀርባው ደገፍኩለት። እየተንጠራራ ነዳ። እኔ ጎኑ ተቀመጥኩ፣ ክዳኗን በመዳፌ ይዤ፣ መነኸሪያ ገባን።

እዚያ የነበረው ሰው ግማሹ የድሮው ነው። ሹፌሮቹ መኪናዋን አይተው ከበቡን። ወረድኩና ነገርኳቸው። ሁሉንም። ጠበሉን፣ ጀሪካኑን፣ ሁሉን። ደምሴ መኪና ያውቃል፣ ያልኩት ሐሰት ነበር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ክዳኗን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ከዚያ ተራ አስከባሪው፣ እትዬ፣ ጥምቀት ሳምንት ነው የቀረው፣ የኔንም አሮጌ መኪና አጥምቂልኝ ሲል ሳቁ ፈነዳ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሜ መጥምቋ ሆኗል። ዛሬ ገበያ ስሄድ አንዱ ባጃጁን አቁሞ፣ መጥምቋ መጣች፣ ኮፈናችሁን ዝጉ አለ። ይሳቁ። አምስት ወር ሙሉ ሳቅ ያልነበረበት መነኸሪያ ነው፤ በኔ ይሳቁ። ከሳቁ መሃል ግን አንዱ ሽማግሌ ሹፌር፣ እኔስ ድሮም ደምሴ አይታለልም ብዬ ነበር አለ። ብሎ አያውቅም፣ ግን አልተቃወምኩትም።

በጎን ደግሞ ወንድምህ ዘውዱ መጣ። እሱም የዚያን ዕለት ሰምቷል፤ ቀኖናዬ ለሱም ነው። አንገቴን ይዞ ሳመኝና ወዲያው ወደ ሥራ ገባ፣ ታውቀዋለህ። መንገዱ ላይ መኪና የለም፣ ከዚህ እስከ ወልድያ ሕዝቡ ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ነው፣ ይቺ ሚኒባስ አንድ ቀን መቆም የለባትም አለኝ። እውነቱን ነው። ነገ ጠዋት ሹፌር አመጣልሻለሁ፣ ጎበዝ ልጅ አለ፣ አለኝ።

«ሹፌር አላት፣» አልኩት።

ዘውዱ አየኝ። የታለ አለ።

«መንገድ ላይ ነው።»

ሰው ሁሉ ሰምቶኛል ደምሴ። መነኸሪያው በሙሉ። ኑርሁሴን ነገ በጠዋት ወደ ሎጊያ ስለሚወጣ ደብዳቤውን አሁን ልዝጋ። ክዳኗን የላክሁልህ እንድትስቅባት ነው። ቁልፉን ግን አልላክሁም፤ ቁልፍ በመንገድ ይጠፋል። ወንበሩ አንተ ባቆምክበት ነው ያለው። ኮፈኑ ላይ ቡጢው ያረፈበት ጎድጓዳ አለ፣ እሱን ሙጃሂድ ላቃናው ሲል ባለቤቱ ይየው ብዬ ከልክያለሁ። እኔ ጠበሉን ደበቅሁብህ እንጂ ዋሽቼህ አላውቅም፤ ትናንት መነኸሪያ ላይ፣ ሹፌሯ እየመጣ ነው ያልኩትን ውሸት አታድርግብኝ።

ዳገቱ ላይ ማርሽህ አይክዳህ፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬንህ ይያዝልህ። ቅዱስ ሚካኤል ከፊት ይቅደምልህ፣ ከኋላህ አቧራ እንጂ ክፉ አይከተልህ። የምታልፈው ድልድይ ሁሉ የቆመ፣ የምታገኘው ሰው ሁሉ የሚያውቅህ ይሁን። ቃልኪዳን እጅህን ትስማለች፤ ላንተም የራሷን ወረቀት ጽፋ ደብቃብኛለች፣ ኑርሁሴን ይሰጥሃል።

ሞተር አጥማቂዋ ሚስትህ
ጥሩወርቅ

የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው አንድ ነገር ረሳሁ። ሹፌሩ ላይ የሚረጨውን ጠበል ዛሬ ጠዋት ቀድቼ መጥቻለሁ። አዲስ ክዳን አለው። ቤት ነው ያለው።